አማት ስልክ አይዘጋባትም

መስከረም 24

ለእህቴ ልጅ ለቆቋ፤

ይህ ወረቀት ሲደርስሽ ጤና ሆነሽ፣ ጫማሽን አውልቀሽ፣ እግርሽን ከፍ አድርገሽ ያግኝሽ። ቀኑን ሙሉ ቆሞ የሚውል ሰው ደብዳቤ ቆሞ ማንበብ የለበትም። እኔ ከትከሻዬ በቀር ደህና ነኝ፤ ፈጣሪ የተመሰገነ ይሁን።

ትከሻዬን የጎዳው ሥራዬ ነው። መቼም ልብስ ማጠቢያ ሲባል ቀላል ይመስላችኋል። እዚህ ሰው አገር የምሠራበት የአረጋውያን መኖሪያ አንሶላው አያልቅም፤ እርጥቡን ከማሽኑ ስትጎትቺው ሰው ከጉድጓድ የምታወጪ ይመስልሻል። በቀደም ክንዴ አልነሳ ሲለኝ ሐኪም ቤት ሄድኩ። አንዲት ነርስ፣ ከአንቺ የማትበልጥ ልጅ፣ በሩን ዘጋች፤ ወንበሯን ሳበች፤ ከዚያ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? ቤትሽ ውስጥ የሚመታሽ ወይም የሚያስፈራሽ ሰው አለ ወይ አለችኝ። ብቻዬን የምኖረውን ሴትዮ! ማን ይምታኝ፣ ማቀዝቀዣው?

«የኔ ልጅ፣ እኔን የሚመታ ሰው ቢኖር ኖሮ ዛሬ ይሄ ወንበር ላይ የምታገኚው እሱን ነበር» አልኳት። ሳቀችና «ሁሉንም ነው የምንጠይቀው» አለችኝ። ሁሉንም ከሆነ ደግሞ ምኑ ላይ ነው ክብሬ? ተናድጄ ወጣሁ፤ ክኒኑን ግን ተቀብያለሁ።

እኔስ እኔ ነኝ፤ ልጄም ቢሆን ተመስገን ነው። ሁለታችሁንም በወፍ ስም የጠራኋችሁ እኔ ነኝ፤ አንቺን ኮሽ ባለ ቁጥር ስለምትባንኚ ቆቅ፣ እሷን ደግሞ አፏ ስለማያርፍ ድንቢጥ። ድንቢጤ ካገባች ወዲህ ረጋ ብላለች። ስደውል ስልኩን የሚያነሳው አማቼ ነው። እሷ «ደህና ነኝ እማዬ» ትለኛለች፣ ቀሪውን እሱ ያወራኛል። ያ ራስ ምታቷ ሲነሳባት ቀለም መሸጫውን ዘግቶ፣ ቦርሳዋን ይዞ፣ እናንተ ጤና ጣቢያ ድረስ ይዟት ይመጣል አሉ። እሷ እንዳትደክም የሚያማትን ለሐኪሙ የሚያስረዳው እሱ ነው። ደረጃ ላይ የወደቀች ጊዜም ተሸክሞ ያመጣት እሱ ነው። ስታገባው «ቀለም ሻጭ ምን ያደርግልሻል» ብዬ ነበር፤ ይኸው አፌን አስያዘኝ።

በይ እንግዲህ፣ ጎራ ብለሽ ጠይቂያት። ፎቶም አንስተሽ ላኪልኝ። በቅርብ አንሺያት፣ ፊቷ በደንብ እንዲታየኝ። በስልክ መልእክት አትጻፊልኝ፤ ጣቴ በአንዴ ሁለት ፊደል ይጫናል፣ ደብዳቤ ግን ደጋግሜ አነበዋለሁ።

ክፉ አይንካሽ፤ የቆምሽበት መሬት ይጽናልሽ።
አክስትሽ


ጥቅምት 19

ላሳደገችኝ አክስቴ፤

ትከሻሽን ያበርታልሽ፤ አንሶላውንም ያቅልልልሽ። ደብዳቤሽን እንዳዘዝሽኝ እግሬን ከፍ አድርጌ ነው ያነበብኩት፤ ከፍ ያደረግኩት ግን የጓንት ካርቶን ላይ ነበርና አዋላጃችን መጥታ አስነሳችኝ። «ማቀዝቀዣው?» ያልሽው ጋ ስደርስ ብቻዬን ስስቅ ታማሚዎቹ ነርሷ ነካት ሳይሉ አልቀሩም።

እቴቴ፣ አንድ ነገር ልለምንሽ። ያቺ ነርስ በትክክል ምን ብላ ነው የጠየቀችሽ? በሩን የዘጋችው ከመጠየቋ በፊት ነው? እየጻፈች ነው ወይስ እያየችሽ? አብሮሽ ሰው መጥቶ ቢሆን ምን ታደርገው ነበር? እንደ ወሬ ሳይሆን እንደ ሥራ ንገሪኝ። እኛ እዚህ ሰው ሲመጣ ስለ ምግቡ፣ ስለ እንቅልፉ፣ ስለ ሽንቱ ሳይቀር እንጠይቃለን። ይህን አንድ ቀን ጠይቀን አናውቅም።

ድንቢጥ ጋ እሑድ ሄጄ ነበር። ቤታቸው ያምራል፤ እያንዳንዱ ክፍል የየራሱ ቀለም አለው። ባሏ እንደ ልማዱ ጨዋታ አዋቂ ነው። ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ፣ የሚጠጣም አቀረበልኝ። ራስ ምታትሽ እንዴት ነው ስላት «ተሽሏታል» አለኝ። ሥራ ልትጀምሪ ነው አሉ ስላት «ሐሳቧን ቀይራለች» አለኝ። ፎቶ ላንሳሽ ስላት «ዛሬ ብርሃኑ ጥሩ አይደለም፣ ሌላ ቀን ይሁን» አለኝ። ስትሸኘኝም እስከ በሩ አብሮን መጣ። ጠባዩ መልካም ነው፤ እንዲህ ነው የምለው ነገር የለኝም።

ፎቶውን ስላልላክሁ አትቀየሚኝ። የነርሷን ነገር ግን አደራ።

ያሳደገ እጅሽ አይድከም።
ቆቋ


ኅዳር 15

ለቆቋ፤

ሰላምሽ ይብዛ፣ ጤናሽ ይሰንብት። በአንቺ ምክንያት ትከሻዬ ሳያመኝ ቀጠሮ አስይዤ ሐኪም ቤት ገባሁ። ያቺ ነርስ ስታየኝ ደነገጠች፤ ልሰድባት የተመለስኩ መስሏታል። «የእህቴ ልጅ የሙያ ጓደኛሽ ናት፣ ያን ጥያቄ እንደገና ጠይቂኝ» ስላት ግን ፊቷ በራና ሻይዋን ትታ አጫወተችኝ።

አንደኛ ነገር፣ በሩ ሳይዘጋ አትጠይቅም። አብሮ የመጣ ሰው ካለ፣ ባል ይሁን እናት ወይም ጎረቤት፣ ለክብደት ነው፣ ለሽንት ምርመራ ነው ብላ ታማሚዋን ለብቻ ትወስዳለች። ከዚያ እስክሪብቶዋን ታስቀምጣለች። የምትለው ይህን ነው፤ ቃል በቃል ይዤልሻለሁ። «ሴቶችን ሁሉ የምንጠይቀው ጥያቄ አለን። ቤትሽ ውስጥ የሚጎዳሽ፣ የሚያስፈራሽ ወይም መውጫ መግቢያሽን የሚቆጣጠር ሰው አለ?» የለም ካልሻት «እሺ፣ መልሱ አንድ ቀን ከተቀየረ እዚሁ ነኝ» ትላለች፤ አትጨቀጭቅም። አለ ካልሻት መጀመሪያ «አምንሻለሁ» ትላለች። ቀጥላ ምን እንዲደረግልሽ ትፈልጊያለሽ ብላ ትጠይቃለች እንጂ እንዲህ አድርጊ ብላ አትወስንም። «ለምን?» አልኳት። «ሲወስንላት የኖረ ሰው አለ፤ ሁለተኛ እኔ አልጨመርባትም» አለችኝ። አውቶቡስ ውስጥ ሆኜ ይህን ሳስበው መውረጃዬ አለፈኝ።

አሁን ወደ ልጄ ልመለስ። ደብዳቤሽን መጀመሪያ ሳነበው ደስ አለኝ፤ ልጄ ቀለም በቀለም በሆነ ቤት ውስጥ ተንከባካቢ አግኝታለች አልኩ። ደግሜ ሳነበው ግን አንቺ ጠየቅሽ፣ እሱ መለሰ፤ ጠየቅሽ፣ መለሰ። ድንቢጥ አንዲት ቃል አልወጣትም። ቆቄ፣ ያቺ ልጅ እኮ ተኝታ እንኳን የምታወራ ነበረች። አንድ አልጋ ላይ ያሳደግኋችሁ ጊዜ «ይቺን ልጅ ዝም አሰኚልኝ» ብለሽ ስታለቅሺ ያደርሽው አንቺ ነሽ።

ሳቀች ወይ? እሱን ብቻ ንገሪኝ።

አክስትሽ


ጥር 8

ለአክስቴ፤

ብርዱ እንዳይጎዳሽ፤ ያን ወፍራም ሹራብ ለእንግዳ ብለሽ እንዳታስቀምጪው። ስለዘገየሁ ይቅርታሽን እለምናለሁ፤ የዘገየሁት በሥራ ነው፣ ሥራውን ያመጣሽብን ደግሞ አንቺ ነሽ።

ያን የጻፍሽልኝን ጥያቄ ለአዋላጃችን አነበብኩላት። ሴትዮዋን ብታውቂያት ትወጃት ነበር፤ ቆፍጣና ናት፣ የሠፈሩ ሰው ግማሹ በእጇ ነው የተወለደው። ሰምታኝ ስታበቃ «እኛ እኮ የምንሠራው ተቃራኒውን ነው» አለች። እውነቷን ነው። እዚህ ብቻውን የሚታከም ሰው የለም። ሰው ሲታመም ቤተሰቡ ተከትሎት ይገባል፤ አስታማሚን ውጣ ማለት ነውር ነው። ከዓመታት በፊት ደግሞ አንዲት ሴት ፊቷ አብጦ መጥታ እውነቱን ብትናገር፣ የዚያን ጊዜው ሐኪም በቅን ልቡ ባልየውን አስጠርቶ መከረው፣ አስታረቃቸውም። ተሳስመው ወጡ። ሴትየዋ ግን ሁለተኛ አልመጣችም። አዋላጇ እስከ ዛሬ መንገድ ላይ በዓይኗ ትፈልጋታለች።

እናም ሕግ አወጣን። አስታማሚ፣ ማንም ይሁን ማን፣ ውጭ አግዳሚው ላይ ይጠብቃል። ታማሚ ለክብደት ብቻዋን ትገባለች። ሚዛኑን ያዛወርነው የድሮው መድኃኒት መጋዘን ውስጥ ነው፤ ከሚዛኑ፣ ከታማሚዋና ከአንድ ነርስ በቀር ሌላ ሰው ልግባ ቢል አይችልም። ሁሉም ሴት እኩል ስለምትጠየቅ የምትጠረጠር የለችም።

መጀመሪያ ሰዉ አጉረመረመ። ጥበቃችን ደግሞ ሕግ ከሰጠሽው ሕጉን አጥር አድርጎ ነው የሚቆመው፤ በመጀመሪያው ሳምንት ጋውኑን ያልለበሰውን ዶክተራችንን «አስታማሚ ውጭ» ብሎ አግዳሚው ላይ አስቀመጠው። ዶክተሩ ትሑት ሰው ነውና ወረፋውን ጠበቀ። መልሱም ዓይነቱ ብዙ ነው። አንዷን የሚያስፈራሽ ሰው አለ ወይ ብላት «አይጥ» አለችኝ። አንዲት እናት ደግሞ አሰብ አደረጉና «እኛ ቤት የምታስፈራው እኔ ነኝ መሰለኝ፤ ይሄም ይጻፋል?» አሉኝ። ስንስቅ ውለን እንገባለን። ከሳቁ መካከል ግን ጫማዋን አውልቃ ሚዛኑ ላይ ቆማ ዝም የምትልም አለች። ያኔ ቁጥሩን አናይም።

ይህን ሥራ ወድጄዋለሁ እቴቴ። ለብዙ ጊዜ ራስ ምታትን በክኒን ሳሳድድ ኖሬ አሁን ገና ሰው የማክም መሰለኝ።

ስለ ድንቢጥ ለጠየቅሽኝ፣ አልሳቀችም። ይህን የምነግርሽ እሑድ እንደ ዘመድ ሄጄ በዓይኔ ስላየሁ ነው። ከእንግዲህ ግን የጤና ጣቢያውን በር ስላለፈ ሰው አትጠይቂኝ። ማንም ቢሆን፣ የአንቺም የእኔም ወገን ቢሆን። እዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ የተባለ ነገር ወጥቶ ከተገኘ ነገ የሚናገር አይኖርም።

እጅሽን እስማለሁ።
ቆቋ


ጥር 29

ለነርሷ፤

ሰላም ነሽ። እኔም ሰላም ነኝ።

በጡቴ ባላጠባሽም በጀርባዬ አዝዬ አሳድጌሻለሁ። እናትሽ ስታርፍ ልጄንና አንቺን በአንድ ነጠላ ነው የጠቀለልኳችሁ። ዛሬ ስለ ልጄ ብጠይቅሽ ሕግ አለን ትይኛለሽ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ አገሩ ሁሉ ሰምቶ እኔ ብቻ ነኝ የቀረሁት ማለት ነው?

«አልሳቀችም» ብለሽ ጽፈሽ እንቅልፍ ይወስደኛል ብለሽ ነው? እኔ ሞኝ አይደለሁም። ያን አማቼን ምን ያህል እንዳመሰገንኩት ሳስበው የጻፍኩልሽን ደብዳቤ ብቀደው እወዳለሁ። እዚህ ከእኔ ጋር አንሶላ የምታጥፈዋ ጓደኛዬ ነገሩን ብነግራት «የደረጃው መውደቅስ?» አለችኝ። የደረጃው መውደቅስ፣ ቆቄ? ያ ቤት እኮ ደረጃ የለውም። ስታገባ እኔው ነኝ ያየሁት፤ መሬት ላይ ያለ ቤት ነው።

ቁርጤን ንገሪኝ። የካቲት እስኪያልቅ እጠብቃለሁ። ካልነገርሽኝ ለአባቷ ወንድምና ለሠፈራችን ጡረተኛ መምህር ጽፌ ሽማግሌ ሆነው እንዲገቡ አደርጋለሁ። እሱንም ደውዬ እጁን ሰብስቦ እንዲቀመጥ በራሴ አፍ እነግረዋለሁ። አማት ነኝ፤ ይሰማኛል።

አክስትሽ


የካቲት 14፣ በስልክ የተላከ

እቴቴ፣ ይህን በስልክ የምልክልሽ ፖስታ ስለማይደርስልኝ ነው። አንብበሽ አጥፊው።

ሽማግሌ አትላኪ። ለማንም አትጻፊ። እሱንም አትቆጪው። የአዋላጃችንን ሴትዮ አስታውሺ፤ ተሳስመው የወጡትን።

በምትኩ አንድ ሥራ አለሽ። ይህን የምጠይቅሽ ከራሴ አይደለም፤ ጠይቂልኝ ተብዬ ነው። ማን እንዳለኝ አትጠይቂኝ። የፊታችን ማክሰኞ፣ እዚህ ረፋድ ሲሆን፣ አማችሽ ሱቁ ውስጥ እያለ በራሱ ስልክ ደውይለት። ክፍልሽን ቀለም ልታስቀቢ ነው፤ ምክር ፈልገሻል። አስወሪው። አንዱን ሲጨርስ ሌላ ጠይቂው። መስመሩን እንዳይለቅ፣ ለሌላ ሰው መደወያ ጊዜ እንዳያገኝ። ስለ ልጅሽ አንዲት ቃል አታንሺ። እኔ «ትከሻሽ እንዴት ነው» ብዬ ስልክልሽ ያኔ ተሰናበቺው።

እሱ እንደሆነ ቀለም ሲነሳበት ይወዳል፤ ቢሰለቸውም ደግሞ አይዘጋብሽም። አማት ስልክ አይዘጋባትም።

ዝም አይነቅዝም ብለሽ ያሳደግሽኝ አንቺ ነሽ።


የካቲት 22

ለቆቄ፣ ለዓይኔ፤

ካስቀየምኩሽ ወዲህ ያለው ቀን ሁሉ ከዕድሜሽ ላይ አይቆጠርብሽ። እጅሽ ይባረክ። ሌላ ምርቃት አሁን አይመጣልኝም፤ ገና አልተረጋጋሁም።

ማክሰኞ የዕረፍት ቀኔ ነው። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ፣ ድምፁን ከፍ አድርጌ፣ እጆቼን ጭኔ ላይ አጣጥፌ ደወልኩለት። «እማማ! ምነው በደህና?» አለኝ። ያ ለስላሳ ድምፁ። ስንት ጊዜ ስልክ ዘግቼ ተመስገን ያልኩበት ድምፅ ነው። «የኔ ልጅ፣ ክፍሌ አስጠላኝ፣ ምን ልቀባው?» አልኩት።

ከዚያማ ምን ልበልሽ። ዘይት ቀለምና የውሃ ቀለም ለየልኝ። ስለ መስኮቴ አቅጣጫ ጠየቀኝ። ግድግዳው መጀመሪያ መፋቅ እንዳለበት፣ ያልተፋቀ ግድግዳ ላይ የተቀባ ቀለም ከላይ እያማረ ከውስጥ እንደሚረግፍ አስረዳኝ። «አየህ፣ ይህን አላውቅም ነበር» አልኩት።

መካከል ላይ «ደንበኛ መጣ» አለኝ። ደንበኛ ከአማት ይበልጣል ወይ ብዬ አሳቅኩት። ትንሽ ቆይቶ «አንዴ ቤት ደውዬ ልመለስ፣ በዚህ ሰዓት እደውልላታለሁ» አለኝ። ያኔ ገባኝ፤ የምይዘው ስልኩን ብቻ አልነበረም፣ እሱን ራሱን ነበር። ሌላ ዘዴ ቢያልቅብኝ ማልቀስ ጀመርኩ። እዚህ አገር ብቸኝነት ገደለኝ፣ የማዋራው ሰው የለኝም፣ አንተም እንደ ሌላው ልትዘጋብኝ ነው ወይ አልኩት። ለቅሶው በውሸት ተጀምሮ በእውነት አለቀ። እሱም አልዘጋም፤ አጽናናኝ። ልጄን የሚያስፈራት ሰው እኔን አጽናናኝ፣ ቆቄ። እንዴት ያለ ነገር ነው?

የትከሻዬ መልእክት ሲመጣ ዓይኔ ደብዝዞ ሁለቴ አነበብኩት። «በል ልጄ፣ ክኒኔ ሰዓቱ ደረሰ» ብዬ ተሰናበትኩት። አንሶላ የምታጥፈዋ ጓደኛዬ መጥታ እዚያው ወንበሬ ላይ ውሃ አጠጣችኝ።

ልጠይቅሽ እስክሪብቶዬን አንስቼ ነበር። ተውኩት። ለእኔ ሊነገር የሚገባው ነገር ቢኖር የነገሩ ባለቤት ራሷ ትነግረኛለች። አንቺም ያን ሁሉ ጊዜ እንዴት አፍሽን እንደያዝሽ አሁን ነው የገባኝ፤ እኔ አንድ ረፋድ ይዤ ታምሜያለሁ።

ክፍሉን ደግሞ እውነትም ቀባሁት፤ ቢጫ። አከራዬን ቀድሜ አስፈቅጄ ነበርና ውሸት ከሚሆን ብዬ ነው። ፍቄ፣ አድርቄ፣ ሁለት ጊዜ ደርቤ። ምክሩ ትክክል ነበር፤ ምን ይደረግ።

አክስትሽ


መጋቢት 17

ለአክስቴ፤

ቢጫው ግድግዳ የደስታ ይሁንልሽ፤ ዘመድ ይቀመጥበት። ዛሬ የምጽፍልሽን ሁሉ የምጽፍልሽ ተፈቅዶልኝ ነው። «አሁን ንገሪያት፣ ሁሉንም ንገሪያት» ያለችኝ የነገሩ ባለቤት ራሷ ናት።

ድንቢጥ ሕጉን ባወጣን ሰሞን በራስ ምታቷ መጣች። ባሏ ቦርሳዋን ይዞ ተከትሏት ሊገባ ሲል ጥበቃው አስቆመው። ፈገግ ብሎ «እኔ አስታማሚ አይደለሁም፣ ባሏ ነኝ» አለው። ጥበቃውም «ባል ከሆኑማ ይበልጥ ይጠብቃሉ» ብሎ አግዳሚውን አሳየው። እኔ ዘመዷ ስለሆንኩ ገለል አልኩ፤ የያዘቻት አዋላጇ ናት። ጠየቀቻት። ድንቢጥ «የለም» አለች። አዋላጇ «እሺ» ብላ መዝና ሸኘቻት። በኋላ ምን ተባባላችሁ ብዬ ባፋጥጣት ያንኑ በር አሳየችኝ፤ «አንቺም ውጭ» አለችኝ። ይህን ሁሉ የሰማሁት ድንቢጥ ራሷ «ቆቋ ትወቅ» ካለች በኋላ ነው።

አዋላጇ ለራስ ምታቱ ክትትል ያስፈልጋል ብላ ቀጠሮ እየሰጠች ታስመላልሳት ጀመር። እናም አንድ ቀን ሚዛኑ ላይ እንደቆመች፣ ማንም ምንም ሳይላት፣ ቁልቁል ጣቶቿን እያየች «ያ ጥያቄሽ አሁንም አለ?» አለቻት።

ነበረ። እቴቴ፣ ዝርዝሩን እሷ ስትፈልግ ትነግርሻለች። ራስ ምታቱ የእንቅልፍ ማጣት እንደሆነ፣ ደረጃው ደረጃ እንዳልሆነ አንቺም ደርሰሽበታል። አዋላጇ አመነቻት። ጉዳቷን ዶክተሩ በጥንቃቄ መርምሮ መዘገበ፤ ብትፈልግ ይጠቅማታል፣ ካልፈለገች እዚያው ይቀመጣል። ከቤቱ «ውጪ» ግን አላሏትም። እኔ ግን ትዕግሥት አልነበረኝም። ነገሩን ካወቅሁ ወዲያ «ዛሬውኑ ጎትተን እናውጣት» ብዬ ብነሳ አዋላጇ ጋውኔን ይዛ አስቀመጠችኝ። «የምትወጣበትን ቀን የምታውቀው እሷ ናት። መቼ እንደሚቆጣ፣ መቼ እንደሚወጣ፣ መቼ እንደሚደውል የምታውቅ እሷ ናት። አንቺ ምን ታውቂያለሽ?» አለችኝ። ልክ ነበረች። ቸግሯቸው የነበረው ስልኩ ነበር። ሱቅ ሆኖ በየመሃሉ ይደውላል፤ ካላነሳች ዘግቶ ይመጣል። በመጨረሻ ድንቢጥ ራሷ «እማዬ ከደወለች አይዘጋባትም» አለች። ዘዴው የልጅሽ ነው፣ የእኔ አይደለም።

ማክሰኞ ዕለት የጥበቃው ወንድም ታክሲውን ይዞ መጣ። አንድ ሻንጣና የመታወቂያ ወረቀቶቿን ይዛ ወጣች። የተጎዱ ሴቶች የሚጠለሉበት ማረፊያ በር ተከፍቶላት ስትገባ ነው «ትከሻሽ እንዴት ነው» ብዬ የላክሁልሽ።

በማግስቱ ጤና ጣቢያ መጥቶ ጮኸ። ጥበቃው አግዳሚውን እያሳየ «አስታማሚ ውጭ ነው የሚጠብቀው» አለው፤ የሚያስታምመው ሰው እንደሌለው ያን ጊዜ ሳይገባው አልቀረም። ከዚያ ሽማግሌ የላከው እሱ ሆነ። የአባቷ ወንድም መጣ። ድንቢጥ ቀና ብላ «አጎቴ፣ መጀመሪያ ዶክተሩን አነጋግር፣ ከዚያ ና» አለችው። አነጋገረው፤ አልተመለሰም። አሁን ነገሩ በሕግ ተይዟል፤ እንዳይቀርባትም ታዟል። ሁሉም አልጋ በአልጋ አይደለም። አንድ ሰሞን ልመለስ ብላ ሻንጣዋን አንስታ ነበር። እኔ አለቀስኩ፣ አዋላጇ ሄዳ አጠገቧ ተቀመጠች። ሻንጣውን መልሳ ያስቀመጠችው ራሷ ናት። ዛሬ በአንድ ስፌት ቤት ዚፕና ቁልፍ ትተክላለች፤ ራስ ምታቱ ጥሏት ሄዷል።

ሕግ አለን ስልሽ ተቀይመሽኝ ነበር። ይህንን ሁሉ ቀድሜ ነግሬሽ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ትደውዪለት ነበር፤ አውቅሻለሁ። ግን ዛሬ ስለ ጽናትሽ ስናወራ አዋላጇ ምን አለች መሰለሽ? «ያቺን ሴትዮ ብናገኛት እንቀጥራት ነበር።»

ሌላ ወረቀት አብሬ ልኬያለሁ። የእኔ አይደለም።

ቆቋ


መጋቢት 17

እማዬ፤

ቆቋ ደብዳቤሽ ረዘመ ብላ እየተቆጣችኝ ነው፤ ገና ምኑን ጀመርኩት። እዚህ አብረውኝ የሚኖሩት ሴቶች ተኝቼም እንደማወራ ነገሩኝ። አንዷ ትራስ ወረወረችብኝ። እኔ ግን ደስ ብሎኝ ብቻዬን ስስቅ ነቃሁ። ድምፄ የጠፋ መስሎኝ ነበር፤ ለካ እንቅልፍ ሲያገኝ የሚመለስ ነው።

ክፍሌ ምንም ዓይነት ቀለም የለውም፤ እንዳለ ሲሚንቶ ነው። ቅቢው እንዳትይኝ። ለጊዜው ቀለም ማየት አልፈልግም። የአንቺን ቢጫ ግን አንድ ቀን መጥቼ አየዋለሁ።

ያን ማክሰኞ ታክሲው ውስጥ ሆኜ ስልኬን በእጄ ይዤ መንገዱን ሁሉ ሳየው ነበር። አልጠራም። እንደ ልማዱ ሊጠራ የሚገባው ሰዓት መጣ፣ አለፈ፤ አልጠራም። እማዬ፣ ዝም ያለ ስልክ ሳይ አንቺ እዚያ ማዶ እያወራሽልኝ እንደሆነ አውቄ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አጠገቤ ሆነሽ አታውቂም።

አዲሱን ቁጥሬን ቆቋ ከታች ትጽፍልሻለች። በፈለግሽ ሰዓት ደውይ። ቶሎ ካልተነሳ አትደንግጪ፤ እጄ ላይ መርፌ ይኖራል፣ ወይም እያወራሁ ይሆናል። ብቻ ጠብቂኝ። የማነሳው እኔ ነኝ።

ድንቢጥሽ